ልባችን የት ሄዶ ነው? ስለ ሐሳብ መባዘን ጥናቶች ምን ይላሉ?



የተከበራችሁ የዚህ ዓምድ ተከታታዮች፣ በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ዛሬ ዙህርን ስትሰግዱ በሁለተኛው ረከዓ ከፋቲሃ ቀጥሎ የቀራችሁት ሱራ የትኛው ነበር? ወዲያው ትዝ ያላችሁ፣ ማሻአላህ። አብዛኞቻችን ግን ትንሽ ቆም ብለን ማሰባችን አይቀርም። ምላሳችን ቀርቷል፣ ወገባችን ጎንበስ ብሏል፣ ግንባራችን ምንጣፉን ነክቷል። ልባችን ግን በዚያች ሰዓት ቀዳማይ ወያነ ገበያ ገብቶ የበርበሬ ዋጋ ሲጠይቅ ወይም ያልተከፈለ የቤት ኪራይ ሲያሰላ ነበር።

ይህን ብዙ ሰው የኢማን ድክመት ብቻ አድርጎ ያየዋል። «እኔማ ሶላቴም ሶላት አልሆነልኝ» የሚሉ እናቶችን ዘወትር እሰማለሁ። በመድረሳም ቢሆን ልጅ አንቀጽ ሲዘል ኡስታዙ «ልብህ የት ሄዶ ነው?» ብለው ይቆጣሉ። እኔም በልጅነቴ ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። ጥያቄው ግን፣ ከቁጣው ስንለየው፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በተለይ ባለፉት ሃያ እና ሠላሳ ዓመታት ይህንኑ ይዘው ሲደክሙ ቆይተዋል። ልብ የት ይሄዳል? ለምን ይሄዳል? ሲሄድስ ባለቤቱ ያውቃል ወይ? (ልብ ስል በደረታችን ውስጥ ያለችውን ደም የምትረጨውን ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።)

ሦስት ቁጥርን ዝለል

ቤት ውስጥ ከልጆቻችሁ ጋር ልትሞክሩት የምትችሉት ነገር አለ። አንዳችሁ ከ1 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮች እያቀላቀላችሁ በፍጥነት ጥሩ፤ ልጁ በእያንዳንዱ ቁጥር ያጨብጭብ፣ 3 ሲጠራ ብቻ ግን እጁን ይሰብስብ። መጀመሪያ ላይ በጣም ቀላል ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲያልፍ ግን እጁ ራሱ በራሱ ማጨብጨብ ይለምድና 3 ስትሉም ያጨበጭባል፤ ከዚያም «ውይ!» ይላል።

ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 በእንግሊዝ አገር ኢያን ሮበርትሰንና ባልደረቦቹ የሰውን ትኩረት ለመለካት ያወጡት ፈተና ነው፤ እነሱ በማጨብጨብ ፈንታ የኮምፒዩተር ቁልፍ ያስጫኑ ነበር። የፈተናው ብልሃት አሰልቺነቱ ላይ ነው። ሥራው ከባድ ቢሆን ኖሮ ልባችን አጠገቡ ይቀመጥ ነበር። ሥራው ሲለመድና ሲደጋገም ግን እጅ ይሠራል፣ ልብ ይሄዳል። ልብሳችንን ስናጥብ፣ እንጀራ ስንጋግር፣ መኪና ስንነዳ የሚሆነው ይኸው ነው። በየቀኑ አምስት ጊዜ የምንሰግደው፣ ቃሉም እንቅስቃሴውም በአካላችን የሰረጸው ሶላትም ለዚህ የተጋለጠ መሆኑ አያስገርምም።

ከዚህ የበለጠ ያስደነቀኝ ግን ስለ ንባብ የተሠራው ነው። በአሜሪካ ኤሪክ ራይክል፣ ጆናታን ስኩለርና አንድ ሌላ ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች አንድ ሙሉ ልብ ወለድ መጽሐፍ ሲያነቡ የዓይናቸውን እንቅስቃሴ በመሣሪያ ተከታተሉ። በየመሐሉም «አሁን ልብህ ንባቡ ላይ ነበር ወይ?» እያሉ ይጠይቋቸው ነበር። የተገኘው ምንድን ነው? ልቡ የሄደ አንባቢ ዓይኑ አይቆምም። ከመስመር ወደ መስመር መሄዱን ይቀጥላል። ነገር ግን በጥንቃቄ ሲታይ ዓይኑ ቃላቱን አይለይም። አስተዋይ አንባቢ አስቸጋሪ ቃል ላይ ይዘገያል፣ ቀላሉን ፈጥኖ ያልፋል፤ ልቡ የሄደው ግን ይህን ልዩነት በቅጡ አያደርግም። ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2004 በወጡ ተመሳሳይ ሥራዎች ደግሞ አንባቢዎቹ «ልብህ መሄዱን ባወቅህ ቁጥር ንገረን» ተብለውም ነበር። ድንገት ሲጠየቁ፣ መሄዱን ራሳቸው ሳያውቁት የሄዱበት ጊዜ ብዙ ሆኖ ተገኘ።

ለእኔ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ችግሩ ልብ መሄዱ ብቻ አይደለም፤ መሄዱን ሳናውቅ መቆየታችን ነው። ቁርኣን የሚቀራ ሰው ሁለት ገጽ ጨርሶ «የት ደረስኩ?» ሲል ያቺ የመንቃት ቅጽበት ናት ትልቋ ነገር። በዚያች ቅጽበት ራሱን መርገም ሳይሆን የሚጠበቅበት መመለስ ነው።

የቀኑ ግማሽ ያህል

«ታዲያ ይህ የሚሆነው ለእኔ ብቻ ነው ወይ?» ለምትሉ፣ አይደለም። ማቲው ኪሊንግስዎርዝና ዳንኤል ጊልበርት የተባሉ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያወጡትን ልጥቀስ። 2250 ሰዎችን በእጅ ስልካቸው በየዕለቱ በዘፈቀደ ሰዓት እየጠሩ ሦስት ነገር ጠየቋቸው፤ አሁን ምን እየሠራህ ነው? ስለምትሠራው እያሰብህ ነው ወይስ ስለ ሌላ? ምን ይሰማሃል? ከመልሶቹ ውስጥ 46.9 በመቶው «ስለ ሌላ እያሰብኩ ነው» የሚል ነበር። በየትኛውም የሥራ ዓይነት ቢሆን ከ30 በመቶ በታች አልወረደም። ከአንድ ጉዳይ በስተቀር፤ እሱን ባለትዳሮች ይገምቱት።

እርግጥ እነዚህ ሰዎች ውድ ስልክ የያዙ ሰዎች ነበሩ፤ ከመቀሌ ገበያ ነጋዴ ጋር አንድ ናቸው ማለት አይቻልም። ቀደም ብሎ በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በ124 ተማሪዎች ላይ በተሠራ ሌላ ጥናት ቁጥሩ 30 በመቶ አካባቢ ነበር። ቁጥሩ ይለያይ እንጂ ከሰው ልጅ የማይለይ ነገር መሆኑ ግልጽ ነው።

የሃርቫርዶቹ ሥራ ስሜትንም ጨምሮ ነው ያየው። ሰዎቹ ልባቸው ከሥራቸው ሲሄድ ደስታቸው ይቀንሳል። ሥራው አሰልቺ በሆነበት ጊዜ እንኳ ይህ እውነት ነበር። ወደ መጥፎ ሐሳብ የሄደ ይከፋዋል፣ ይህ የሚጠበቅ ነው። የሚገርመው ግን ወደ ጥሩ ሐሳብ የሄደውም ሥራው ላይ ልቡን ካደረገው ሰው የበለጠ ደስተኛ ሆኖ አልተገኘም።

ይህን ስል ልብ መሄዱ ጠቅላላ ጉዳት ነው ማለቴ አይደለም። አእምሯችን የክብደታችንን 2 በመቶ ያህል ቢሆንም ከሰውነታችን ኃይል 20 በመቶ የሚሆነውን ይጠቀማል። አሜሪካዊው ማርከስ ራይክልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳዩት ደግሞ ምንም ሳንሠራ ቁጭ ስንልም የማያርፉ፣ እንዲያውም በዚያን ጊዜ የሚበረቱ የአእምሮ ክፍሎች አሉ። የነገን ማቀድ፣ የትናንትን መመርመር፣ የሌላውን ሰው ስሜት መገመት ከእነዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በጥናቶቹ ውስጥም የሚባዝን ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት የሚያማትር፣ የሚያቅድ ነው። ዑመር (ረ.ዐ) በሶላት ውስጥ ሳሉ ሠራዊት ስለማዘጋጀት ያስቡ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። ዑለማዎች ይህን እንዴት እንዳብራሩት ጠይቁ፤ እኔ የፊቅሁን ጉዳይ ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ።

«አታስብ» ማለት ለምን አይሠራም?

ሰው ልቡ ሲሄድበት የመጀመሪያ መፍትሔው «አላስብም» ብሎ መታገል ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ዳንኤል ዌግነር የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ ተማሪዎችን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ፤ ካሰባችሁም ደወል ምቱ» አላቸው። ደወሉ መመታቱን አላቆመም። ከዚያ «አሁን እንደፈለጋችሁ አስቡ» ሲባሉ ደግሞ፣ ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ተማሪዎች የበለጠ ስለ ድቡ አሰቡ። የተጨቆነ ሐሳብ በሌላ በር ይመለሳል ማለት ነው። ምክንያቱም «ድቡ መጣ ወይ?» ብሎ ለመጠበቅ ራሱ ድቡን ማስታወስ ያስፈልጋል። ነጭ ድብ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ድቡን በምትፈልጉት ነገር ተኩት፤ ለምሳሌ ምድጃ ላይ በጣዳችሁት ወጥ።

ስለ ወጥ ካነሳሁ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ምግብ ከቀረበ፣ ወይም ሽንት እና ዓይነ ምድር እያጣደፈ፣ መስገድ እንደማይገባ አስተምረዋል። ጌጥ ያለበት ልብስ በሶላት ውስጥ ትኩረታቸውን ስለሳበ ልብሱን መመለሳቸውም በሐዲስ ተዘግቧል። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ መፍትሔው «ታገል» አይደለም፤ ምክንያቱን አስቀድሞ ማንሳት ነው። ይህ ከሶላት ውጭም ይሠራል። የሚርበውን ልጅ አብልቶ ማስጠናት፣ ስልክን ሌላ ክፍል አስቀምጦ መቀመጥ፣ ቴሌቪዥን ዘግቶ መቅራት ሁሉ ከዚሁ የሚመደብ ነው።

ምክንያቱ ግን ሁልጊዜ የሚነሣ አይደለም። ኪራይ አለ፣ ዕዳ አለ፣ የታመመ አባት አለ። ስለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ማሲካምፖና ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙትን ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ሰዎች ያላለቀ ጉዳይ ካለባቸው ሲያነቡ በሐሳባቸው እየገባ ይረብሻቸዋል። ጉዳዩን ባይጨርሱትም እንኳ መቼ፣ የት፣ እንዴት እንደሚያደርጉት በዝርዝር እንዲያቅዱ ሲደረግ ግን መረበሹ ቀረ። ልብ የሚጮኸው «እንዳትረሳኝ!» እያለ ነው፤ ቀጠሮ ሲሰጠው ዝም ይላል። ስለዚህ ከሶላት በፊት ወይም ከመተኛት በፊት አንዲት ብጣሽ ወረቀት ወስዳችሁ «ሐሙስ ጠዋት ባለቤቱን ሄጄ አነጋግራለሁ» ብላችሁ ጻፉ። መጻፍ የማትችሉ ለልጃችሁ ንገሩና ያስታውሳችሁ። ይህ ዕዳውን አይከፍልም፤ ነገር ግን ለአሥር ደቂቃ ሶላት እፎይታ ይሰጣል።

ትኩረት በልምምድ ይጠነክራል ወይ? በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ አንድ ጥናት 48 ተማሪዎች በሁለት ተከፍለው ለሁለት ሳምንት ተማሩ። አንደኛው ቡድን ልቡን ትንፋሹ ላይ አድርጎ መቀመጥን፣ ሲሄድም ሳይበሳጭ መመለስን ተለማመደ። የሐሳባቸው መባዘን ቀነሰ፣ በንባብ ፈተናም ውጤታቸው ተሻሻለ። ሌላው ቡድን የተማረው ምን መሰላችሁ? ሥነ ምግብ! ምንም ለውጥ አላመጡም። የጤናና የሥነ ምግብ ዓምድ ለሚጽፍ ሰው ይህን ማንበብ ትንሽ ይቆረቁራል። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አልመካበትም፤ ነገር ግን የልምምዱ ፍሬ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። አንቀጽ በአንቀጽ እየቆሙ፣ ትርጉሙን እያሰቡ፣ ሳይጣደፉ መቅራት፣ ልብ ሲሄድም ካቆመበት መቀጠል ማለት ነው።

በመድኃኒት ቤት መስኮት

አሁን ወደ ሥራዬ ልመለስ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው።

የታመመ ሕፃን ያዘለች እናት የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ታዘዘላት እንበል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ዱቄት ነው። ባለሙያው «ውሃ አፍልተሽ አቀዝቅዢ፣ እዚህ መስመር ድረስ ጨምሪ፣ በደንብ ነቅንቂ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን፣ ቢሻለውም አታቋርጪ» ይላታል። ስድስት ትእዛዝ ነው። እሷ «እሺ» እያለች ራሷን ትነቀንቃለች። ልቧ ግን ትኩሳቱ ላይ ነው፣ ቤት ጎረቤት ጋር ትታት የመጣችው ልጅ ላይ ነው፣ ለባጃጅ በተረፋት ብር ላይ ነው። ዓይኑ መስመሩን እየተከተለ ልቡ እንደሄደው አንባቢ፣ ጆሮዋ ይሰማል እንጂ አይይዝም። ቤት ስትደርስ ውሃውን ትረሳና ደረቁን ዱቄት በማንኪያ የምትሰጥ አለች። ሁለት ቀን ሰጥታ «ተሻለው» ብላ የምታቆምም ብዙ ናት። ይህ የእውቀት ማነስ አይደለም፤ የተማሩ ሰዎችም ያደርጉታል።

ስለዚህ ውድ እናቶችና አባቶች፣ መድኃኒት ስትቀበሉ «ገባችሁ?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» ብላችሁ አትሂዱ። የተነገራችሁን በራሳችሁ አፍ መልሳችሁ ለባለሙያው ንገሩት። «ጓለይ፣ እስኪ ልድገምልሽ» የሚሉኝ አንዲት አዛውንት አሉ፤ ደግመው ሲሉት ከአምስቱ ነገር አንዱ ጎድሎ ይገኛል፣ እዚያው እናስተካክለዋለን። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሰልፍ አለ፣ ባለሙያው ተጣድፏል ብላችሁ አትፈሩ። በሳጥኑ ላይ እንዲጻፍላችሁም ጠይቁ፤ ማንበብ ለማትችሉ ፀሐይና ጨረቃ ተስሎ ይሠራል።

ልብ መሄዱ መንገድ ላይም ሰው ያስከፍላል። በፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2011 በመኪና አደጋ ተጎድተው ሆስፒታል የመጡ 955 አሽከርካሪዎች ተጠይቀው ነበር። ለአደጋው ጥፋተኛ ከሆኑት ውስጥ 17 በመቶው ከአደጋው በፊት በከባድ ሐሳብ ተውጠው እንደነበር ሲናገሩ፣ ጥፋተኛ ካልሆኑት ውስጥ ግን 9 በመቶ ብቻ ናቸው። ተጣልተው ከቤት የወጡ፣ መርዶ የሰሙ ሰዎች ባጃጅ ከመያዛቸው በፊት ቁጭ ብለው ውሃ ይጠጡ።

ሰውነት ሲጎድልበት

ሥነ ምግብ ትኩረትን አያሻሽልም ብዬ እንዳልተው፣ ጉድለት ካለ ጉዳዩ ይለያል። «ልጄ ይፈዛል፣ ትምህርት አይገባውም» ከሚባሉት ሕፃናት መካከል ደም ማነስ ያለባቸው አሉ። ብረት የሚባለው ንጥረ ነገር ለደም ብቻ ሳይሆን ለአእምሮ ሥራም ያስፈልጋል፤ ሲያንስ ልጁ ይደክማል፣ ትኩረቱ ይሳሳል። ምላሱና የዓይኑ ሽፋን ውስጡ ከነጣ፣ አፈር መብላት ከጀመረ፣ ከመቆጣት በፊት ደሙ ይመርመር።

በዚህ ላይ በአገራችን የተሠራ የታወቀ ጥናት አለ። አዲሽና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት ሲሆን በ407 ሕፃናት ቤት ላይ የተካሄደ ነው። አንዳንዱ ቤት ከብረት የተሠራ ድስት፣ አንዳንዱ የአሉሚኒየም ተሰጠው። ከአንድ ዓመት በኋላ በብረት ድስት የበሰለ ሲበሉ የቆዩት ልጆች የደም መጠን ከሌሎቹ ይበልጥ ጨምሮ ተገኘ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ እኛ በተለምዶ «ብረት ድስት» የምንለው ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። የተባለው ግን ከባዱ፣ ጥቁሩ፣ ካልደረቀ የሚዝገው ነው። በተረፈ ምስርና ጎመን ስትበሉ ሎሚ ጨምቁበት፤ ሻይና ቡና ደግሞ ብረቱን ስለሚይዙት ከምግብ ጋር አብረው አይጠጡ፣ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆዩ። የብረት እንክብል ያለ ምርመራ ለልጅ አይሰጥም፤ ከበዛ መርዝ ነው።

ጨውም እንዲሁ። ከተማችን ከጥንት የአፋር ጨው በግመል ይገባባት የነበረች ናት። ይህ ጥሬ ጨው ቢጣፍጥም አዮዲን አልተጨመረበትም። አዮዲን ለነፍሰ ጡር እናት ከጎደለ የጽንሱን አእምሮ ይጎዳል። «አዮዲን ያለው» የሚል ማሸጊያ ያለውን ግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ከፀሐይና ከእሳት አርቃችሁ አስቀምጡ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን እንቅልፍ ነው። ያልተኛ ሰው ልቡ ይሄዳል፤ መሄዱንም ለማወቅ ይዘገያል። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከመግሪብ በኋላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የጠጣ ሰው ለሱብሂ ቢነሳም ተኝቶ አይደለም የሚነሳው። ፈተና ሲደርስ «ለጥናት» ተብሎ ጫት የሚቃመውም እዚህ ላይ ይወድቃል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ለጥቂት ሰዓት ያነቃቃል፤ ከምርቃናው በኋላ ግን እንቅልፍ ይነሳል፣ ማግስቱን ድብርት ያስከትላል። ሀራራስ? ሳየትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 አጫሾችን ሲጋራ ከልክለው ሲያስነብቡ፣ ሐሳባቸው ይበልጥ ባዘነ፤ መባዘኑንም ለማወቅ አነሱ። ጥናቱ በሲጋራ ነው የተሠራው፤ የጫት ሀራራ ያለበትን ሰው የሚያውቅ ግን ብዙም አይጠራጠርም።

ትኩረት የሚያደነዝዙ መድኃኒቶችም አሉ። ለጉንፋንና ለማሳከክ የሚሰጡት ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚን፣ ለእንቅልፍ የሚወሰደው ዳያዜፓም፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ልጁ የጉንፋን ሽሮፕ በጠጣ ማግስት «ሒፍዙ ጠፋበት» ቢባል አይገርምም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ግን በፍጹም በራስ ፈቃድ አይቋረጥ፤ ድንገት ማቆም ሕይወት ያሳጣል። ሐኪሙን አነጋግራችሁ መጠኑ ይስተካከል ወይም ይቀየር።

የልብ መሄድ ያልሆነው

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ያለፍንበትን እናውቃለን። ስልክ፣ ባንክና መብራት ጠፍቶ፣ የመድኃኒት መደርደሪያ ባዶ ሆኖ፣ ቤተሰብ ይኑር ይሙት ሳይታወቅ ወራት አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ «ሐሳቤ ይበተናል» እያሉ የሚመጡ ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ተራ የሐሳብ መባዘን ሲጠሩት ይመለሳል። የጦርነት ትዝታ ግን ሰውየውን ይዞት ይሄዳል። ያየው ነገር እንደ አሁን ሆኖ ይታየዋል፣ ልቡ ይደልቃል፣ ያልበዋል፣ በር ሲዘጋ ይደነግጣል፣ እንቅልፉ ይሸሻል፣ ነገሩን ከሚያስታውሱት ቦታዎች ይርቃል። ይህ ከአንድ ወር በላይ ከቆየና ሥራን ካሰናከለ ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው። በአይደር ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። «ሶብር አድርግ» ብሎ ብቻ መሸኘት እግሩ የተሰበረን ሰው ሶብር አድርገህ ተራመድ እንደማለት ነው። ዱዓውም ሕክምናውም አብረው ይሂዱ።

ሌላው ወስዋስ ነው። ውዱን አሥር ጊዜ የሚያድስ፣ ተክቢራውን ደጋግሞ የሚጀምር፣ ለአንድ ሶላት ሰዓት የሚፈጅበት ሰው ጉዳዩ የትኩረት ማነስ አይደለም። እንዲያውም ትኩረቱ አንድ ጥርጣሬ ላይ ተቸንክሮ ነው። ሶላት ውስጥ ሸይጧን «ይህን አስታውስ፣ ያን አስታውስ» እያለ ሰውን ረከዓ እንደሚያስረሳው በሐዲስ ተነግሯል፤ ለዚያም ሱጁድ አሰህው አለ፣ ነገሩ በሁለት ሱጁድ ያልቃል። በሁለት ሱጁድ የማያልቅለት፣ ቀኑን ሙሉ የሚሠቃይ ሰው ካለ ቤተሰቡ ወደ ኢማሙም ወደ ሐኪሙም ይውሰደው። ይህም በመድኃኒትና በምክር የሚሻለው ሕመም ነው።

አዛውንት አባትና እናት ረከዓ መርሳታቸው ብቻ አያስደነግጥም። የለመዱትን የመስጊድ መንገድ ከጠፉ፣ የልጆቻቸውን ስም ካቀያየሩ ግን ይመርመሩ፤ አንዳንዴ መንስኤው የሚወስዱት መድኃኒት ወይም የእንቅርት ሆርሞን ማነስ ሆኖ ይገኛል፤ ይህ ደግሞ ይስተካከላል።

በመጨረሻ አንድ አስቸኳይ ጉዳይ ላንሳ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ፣ በተለይ ምግብ ሳይበላ ከቆየ፣ ድንገት ቢፈዝዝ፣ ስትጠሩት ቶሎ ባይመልስ፣ ቢያልበውና እጁ ቢንቀጠቀጥ «ሐሳብ ይዞት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ስኳሩ ወርዶ ነው። ጾም ላይም ቢሆን ወዲያው ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ካልነቃ ድገሙት፣ ከዚያም ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን ሊታነቅ ስለሚችል በአፉ ምንም አትስጡት፤ በጎኑ አስተኝታችሁ በቶሎ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።